ጎንደር ላይ ኢንጂነር ለማደግ ሙያውን ለምን ይተዋል?

«ሥራ ያለው ሰው ምን ያማርራል?» ጎንደር ውስጥ የኢንጂነሮች ነገር በተነሣ ቁጥር ይህች ጥያቄ አትቀርም። መነሻም አላት። ከተማዋ ተመርቀው ሥራ ያጡ፣ ባጃጅ የያዙ፣ ሱቅ የከፈቱ ብዙ ወጣት ኢንጂነሮች አሏት። ከእነሱ አጠገብ በትልቅ ድርጅት ተቀጥሮ፣ ወር በመጣ ቁጥር ደመወዝ እየተቀበለ «አላደግሁም» የሚል ሰው ሲታይ ቅሬታው ቅንጦት ይመስላል።

ግን ሁለቱ ችግሮች የተለያዩ ናቸው። ሥራ ማጣት የመግቢያው በር መጥበብ ነው። ይህኛው የሚመጣው ከገቡ በኋላ ነው። አሥር ዓመት የሠራ፣ ማሽኑን ከማንም በላይ የሚያውቅ ሰው ባለበት ይቆማል። ከዚያ ወይ ሙያውን ትቶ ኃላፊ ይሆናል፣ ወይ ከተማውን ትቶ ይሄዳል፣ ወይ ዝም ብሎ ይቀመጣል።

ወሬው አብዛኛውን ጊዜ «ሰው ያለው ያድጋል» በሚለው ላይ ያልቃል። አድልዎ የለም ብሎ መከራከር አይቻልም። ነገር ግን አድልዎ ነገ ጠዋት ጨርሶ ቢጠፋ እንኳ አብዛኛው ኢንጂነር አሁን ካለበት ፈቀቅ አይልም። ወንበሩን ማን አገኘው ከሚለው በፊት፣ ወደ ላይ መውጫው ለምን ወንበር ብቻ ሆነ የሚለው መጠየቅ አለበት።

ደረጃ፣ እርከን፣ ጣሪያ

በብዙ ትልልቅ የአገራችን ድርጅቶች ደመወዝ የሚሠራው በደረጃና በእርከን ነው። ደረጃ የሥራ መደቡ ክብደት ነው። እርከን ደግሞ በዚያው ደረጃ ውስጥ የሚሰጥ ትንሽ ጭማሪ ነው። እርከኑ ሲያልቅ ሰውዬው «ጣሪያ ነካ» ይባላል። ጣሪያ የነካ ሠራተኛ ደመወዙ ከፍ የሚለው ድርጅቱ ለሁሉም ማስተካከያ ሲያደርግ ወይም እሱ ራሱ ወደ ሌላ ደረጃ ሲያልፍ ብቻ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ነው። የባለሙያው ደረጃ ጀማሪ፣ መካከለኛ፣ ሲኒየር እያለ ይሄድና አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። ከዚያ በላይ ያለው ቡድን መሪ፣ የክፍል ኃላፊ፣ ሥራ አስኪያጅ ነው። ማለትም ከሲኒየር በላይ ያለው መደብ የሚጠይቀው ሰው ማስተዳደርን፣ በጀት መያዝን፣ ስብሰባ መምራትን ነው። ትራንስፎርመር ወይም ቦይለር የማወቅ ጉዳይ ከዚያ በኋላ ነጥብ አያስገኝም።

አሁን ስሌት እንሥራ። ለምሳሌ ያህል፣ በአንድ ክፍል ውስጥ 40 ኢንጂነሮች አሉ እንበል። የቡድን መሪ ወንበር 5 ነው። አንድ ቡድን መሪ በአማካይ 8 ዓመት ይቀመጣል እንበል። አርባዎቹም ተራ በተራ ይድረሳቸው ከተባለ 64 ዓመት ያስፈልጋል። የጡረታ ዕድሜ ግን 60 ነው። እዚህ ስሌት ውስጥ ዘመድም ጉቦም የለም። ሁሉም ነገር በንጹሕ ውድድር ቢሠራ እንኳ ከአርባው አብዛኛው አያልፍም።

ይህ ድሮም ነበር። አሁን ያከረረው የኑሮ ውድነት ነው። ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ የአንድ ዶላር ዋጋ ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ደመወዝ በዚያ ፍጥነት አልሮጠም። ስለዚህ ዕድገት ድሮ የክብር ጥያቄ ከነበረ፣ ዛሬ የቤት ኪራይ ጥያቄ ነው። ደረጃ መጨመር የኑሮ ማስተካከያውን ሥራ ሁሉ እንዲሠራ ተገደደ። አንድ ወንበር ሲከፈት ሃያና ሠላሳ ሰው የሚወዳደረው ሁሉም አለቃ መሆን ስለሚወድ አይደለም። ሌላ መንገድ ስለሌለ ነው።

በአንድ ጊዜ የገቡ፣ በአንድ ጊዜ የቆሙ

መንግሥት በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች 70 በመቶው በሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው በማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደቡ ወሰነ። ይህ «70/30» የሚባለው ፖሊሲ ነው። በተመሳሳይ ዘመን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር እየጨመረ ሄዶ ከ40 በላይ ደረሰ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲም፣ እ.ኤ.አ. በ1954 በጤና ኮሌጅነት የተጀመረው ተቋም፣ ኢንጂነሪንግ ማስተማር የጀመረው በዚሁ የመስፋፋት ዘመን ነው።

ውጤቱ የታወቀ ነው። ብዙ ኢንጂነር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተመረቀ። ድርጅቶችም ያኔ እየሰፉ ስለነበር በገፍ ቀጠሩ። እነዚያ ተቀጣሪዎች ዛሬ አብዛኞቹ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ላይ ናቸው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲኒየር ሆኑ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ጣሪያ እየነኩ ነው። ከላያቸው ያለው ኃላፊም ከእነሱ በአምስትና በስድስት ዓመት ብቻ የሚበልጥ ነው። ጡረታ እስኪወጣ ሃያ ዓመት ሊቀረው ይችላል። ወረፋው የማይንቀሳቀሰው ለዚህ ነው።

መዋቅር በተለወጠ ቁጥር ደግሞ ወረፋው እንደገና ይቀላቀላል። «አዲስ መዋቅር ተጠንቷል፣ ምደባ ይደረጋል» ሲባል ሁሉም ወንበር በአንድ ቀን ክፍት ይሆናል። የኤሌክትሪኩን ዘርፍ ብናይ፣ አንድ የነበረው ኮርፖሬሽን በ2006 ዓ.ም. ለኃይል ማመንጨትና ለአገልግሎት ለሁለት ተከፍሏል። ቴሌኮሙም በ2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ሆኖ ሲቋቋም እንደ አዲስ ተደራጅቷል። እንዲህ ያለ ለውጥ ለአንዳንዱ ዕድል ይከፍታል። ለሌላው ግን ዓመታት የጠበቀው ተራ ከመዝገብ ይፋቃል። ከምደባ በኋላ «እንደገና ከዜሮ» የሚለው አባባል የመጣው ከዚህ ነው።

ከዋናው መሥሪያ ቤት 700 ኪሎ ሜትር

ጎንደር ላይ ችግሩ ይከብዳል። ምክንያቱ ርቀት ነው። በመንገዱ ብቻ አይደለም፣ በመዋቅሩም።

የትልልቆቹ ድርጅቶች ዋና መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ ነው። ዲዛይን፣ ዕቅድ፣ ግዢ፣ ትልልቅ ፕሮጀክት እዚያ ይወሰናል። ለቅርንጫፍ የሚተርፈው ጥገናና የዕለት ሥራ ነው። ጥገና ቀላል ሥራ አይደለም። ሌሊት ዝናብ ላይ የተበላሸ መስመር ማስተካከል ከጽሕፈት ቤት ስዕል የማያንስ ዕውቀት ይጠይቃል። ነገር ግን በወረቀት ላይ አይታይም። የፕሮጀክት ሰው «ይህን ሠራሁ» ብሎ ያሳያል። የጥገና ሰው ጥሩ ሲሠራ የሚታየው ምንም ነገር አለመፈጠሩ ነው። መብራት አልጠፋም፣ ውኃ አልተቋረጠም፣ ማሽኑ አልቆመም። የዕድገት ቅጽ ላይ ይህን የሚሞሉበት ሣጥን የለም።

ከፍ ያለው የባለሙያ መደብ ራሱ ብዙውን ጊዜ አዲስ አበባ ነው የተቀመጠው። ጎንደር ላለ ኢንጂነር ስለዚህ ዕድገት ማለት ዝውውር ማለት ይሆናል። ቤተሰብ ያለው፣ እናቱን የሚጦር፣ ባለቤቱ እዚህ የምታስተምር ሰው ስሌቱን ይሠራል። አዲስ አበባ ያለው ኪራይ ጭማሪውን ይበላዋል። ይቀራል።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ ያለው ግጭት ደግሞ ሌላ ሸክም ጨመረ። የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። መንገድ ሲዘጋ ለፈተናም ለሥልጠናም መሄድ ጭንቅ ነው። የመስክ ሥራ ሲቆም የሥራ ልምድ አብሮ ይቆማል። እንዲህ ባለ ጊዜ ሁሉንም ቅርንጫፍ በአንድ መስፈርት «እኩል» ማወዳደር እኩልነት አይመስለኝም።

ሌላም አለ። አዲስ አበባ ላይ አንዱ ድርጅት ያላሳደገው ኢንጂነር ከመንገድ ማዶ ሌላ ቀጣሪ ያገኛል። አሠሪውም ይህን ስለሚያውቅ ለማቆየት ይሞክራል። ጎንደር ላይ ኢንጂነር በብዛት የሚቀጥሩ ቦታዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። መብራቱ፣ ቴሌው፣ ውኃው፣ ቢራ ፋብሪካው፣ ዩኒቨርሲቲው፣ ጥቂት ኮንትራክተሮች። «እለቃለሁ» የሚለው ቃል እዚህ ብዙ ጉልበት የለውም።

ሹመት ሲመጣ የሚቀረው

ኃላፊ መሆን ሁልጊዜ ትርፍ እንዳልሆነ ብዙ ሰው የሚረዳው ከተሾመ በኋላ ነው። ይህን ለመረዳት የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ማየት ይጠቅማል። አዋጁ «የሥራ መሪ» የሚለውን ሰው ከሽፋኑ ውጭ ያደርገዋል። የሥራ መሪ ማለት የድርጅቱን የአስተዳደር ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም፣ ወይም ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዘዋወር፣ የማገድ፣ የማሰናበትና የመሳሰለው ሥልጣን የተሰጠው ሰው ነው። ቡድን መሪ የተባለ ሁሉ የሥራ መሪ አይደለም። የሚወስነው በእጁ ያለው ሥልጣን ነው። ግን ከዚያ መስመር ያለፈ ሰው በአዋጁ የተደነገገው የትርፍ ሰዓት ክፍያ መብትና የሠራተኛ ማኅበሩ ጥበቃ ይቀሩበታል።

የትርፍ ሰዓት ነገር ቀላል ገንዘብ አይደለም። በአዋጁ መሠረት ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት የሰዓቱ ደመወዝ በ1.5 ይባዛል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ከሆነ በ1.75። በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5።

በምሳሌ እንየው። የ18,000 ብር ደመወዝተኛ በወር 208 ሰዓት ይሠራል ብንል የሰዓቱ ደመወዝ 86 ብር ተኩል ገደማ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ለብልሽት እየተጠራ በወር 20 ትርፍ ሰዓት ቢሠራ 3,029 ብር አካባቢ ያገኛል። አሁን ይህ ሰው ሥራ አስኪያጅ ሆኖ 3,000 ብር ቢጨመርለት፣ ትርፍ ሰዓቱ ስለሚቀር ከግብር በፊት ባለው ስሌት እንኳ አላተረፈም። ማታ መጠራቱ ግን አይቀርም። ከበፊቱ ይበዛል እንጂ፤ አሁን የሁሉም ብልሽት ተጠሪ እሱ ነው። የኃላፊነት አበል፣ መኪና ወይም ስልክ ካለ ሚዛኑ ይለወጣል። ከሌለ የተቀየረው የበሩ ጽሑፍ ነው።

ሹመቱ የመጣለት ሰው እንዲህ ከሆነ፣ ያልመጣለትስ? ብዙ ጊዜ «ተጠባባቂ» ይሆናል። ተጠባባቂ ማለት ወንበሩ ቋሚ ባለቤት እስኪያገኝ ሥራውን ሸፍኖ የሚይዝ ሰው ነው። ለሦስት ወር ተብሎ ሁለት ዓመት የሚቆይ አለ። ፊርማውም ጥፋቱም የእሱ ነው፣ ደረጃው የድሮው ነው። በመጨረሻ ቦታው በማስታወቂያ ሲወጣ ሌላ ሰው ያልፋል። ከሁሉም ቅሬታዎች ይህ ይበልጥ ፍትሐዊ ሆኖ ይታየኛል፤ ሥራውን ችሎ እንዳሳየ ድርጅቱ ራሱ መስክሮለታልና።

አድልዎ ወይስ መዋቅር?

ሠራተኞቹ የሚሉት አንድ ነው። ውድድሩ ለስም ነው፣ ሰውዬው አስቀድሞ ታውቋል። ኃላፊዎች የሚሉት ሌላ ነው። ቦታ የለም፤ ደግሞም ጎበዝ ቴክኒሻን ሁሉ ሰው መምራት አይችልም።

ሁለቱም የየራሳቸው እውነት አላቸው። የሥራ አፈጻጸም ምዘናውን ተመልከቱ። ቢ.ኤስ.ሲ. የሚባለው የውጤት ተኮር መለኪያ ከመጣ ጀምሮ ሁሉም ነገር በነጥብ ይሞላል። ነገር ግን አለቃ ከሠራተኞቹ ጋር መጣላት ስለማይፈልግ ለአብዛኛው ከፍተኛ ነጥብ ይሰጣል። ሁሉም 90 እና ከዚያ በላይ ካገኘ ነጥቡ ማንንም ከማንም አይለይም። የሚለየው ቃለ መጠይቁ ይሆናል። ቃለ መጠይቅ ደግሞ ሦስት ሰው በዝግ በር የሚሰጠው ውጤት ነው። ለትውውቅ፣ ለወንዝ ልጅነት፣ ለፖለቲካ ታማኝነት በሩ የሚከፈተው እዚያ ነው። አድልዎ የሚያድገው መለኪያ በደከመበት ቦታ ነው ማለት ነው። ጥቂት ወንበር፣ ብዙ ተወዳዳሪ፣ የማይለይ መለኪያ። ይህ ሲገጣጠም ሐቀኛ ዳኛ እንኳ ቢኖር ተሸናፊው አያምነውም።

የኃላፊዎቹም ክርክር ባዶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት የሽያጭ ሠራተኞችን መዝገብ መርምሮ ነበር። ድርጅቶቹ ኃላፊ የሚያደርጉት ይበልጥ የሸጠውን ሰው ሆኖ ተገኘ። እነዚያ ጎበዝ ሻጮች ኃላፊ ሲሆኑ ግን ከሥራቸው ያሉት ሠራተኞች ውጤት ዝቅ አለ። ሽያጭና ኢንጂነሪንግ አንድ አይደሉም። ነገሩ ግን እዚህም ይታያል። ጎበዝ ኢንጂነርን ለሽልማት ኃላፊ ስታደርገው አንድ ጎበዝ ኢንጂነር ታጣለህ። ጥሩ ኃላፊ ማግኘትህ ግን ዋስትና የለውም። እዚህ ላይ ኃላፊዎቹ ልክ ናቸው። የሚቀረው ጥያቄ፣ ታዲያ ያ ጎበዝ ኢንጂነር በምን ይሸለም? መልሱ «ባለህበት ቆይ» ከሆነ ግማሽ መልስ ነው።

ጎንደር የምታውቀው ሌላ መሰላል

በሌላው ዓለም ለዚህ የተሰጠው መልስ «ሁለት መሰላል» ይባላል። አንዱ የአስተዳደር መሰላል ነው። ሌላው የሙያ ነው። በሙያው መሰላል የወጣ ሰው ከሥሩ ሠራተኛ ሳይኖር፣ ሥራ አስኪያጅ የሚያገኘውን ያህል ደመወዝና ክብር ያገኛል። አይ.ቢ.ኤም. የተባለው የኮምፒውተር ኩባንያ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ፌሎው» የሚል ከፍተኛ የሙያ ማዕረግ ለኢንጂነሮቹ ይሰጣል።

ግን ለዚህ አሜሪካ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ጎንደር ሆስፒታል ውስጥ ጠቅላላ ሐኪም ስፔሻሊስት ይሆናል፣ ከዚያ ሰብ ስፔሻሊስት። ለዚህ የሆስፒታል ዳይሬክተር መሆን የለበትም። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ሌክቸረሩ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ተባባሪ ፕሮፌሰር፣ ፕሮፌሰር እያለ ይወጣል። ዲን ሳይሆን ዕድሜውን ሙሉ ማስተማር ይችላል። ሐኪሞችም መምህራንም ስለ ደመወዛቸው ያማርራሉ፤ ትክክልም ናቸው። መሰላል ግን አላቸው። እዚያው ከተማ፣ እዚያው ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ጄኔሬተሩን የሚጠግነው ኢንጂነር የለውም።

ከዚያም የቆየ ምሳሌ አለ። እዚሁ ከተማ ያለው በአታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን የአቋቋም፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን ዜማና ሽብሸባ ትምህርት፣ ማስመስከሪያ ነው። ከጎጃምም ከወሎም የተማረ ሰው በአታ መጥቶ ሊቃውንቱ ፊት ቆሞ ያስመሰክራል። ሲያልፍ መምህር ነው። ደብሩን የሚያስተዳድረው አለቃው ነው፣ ንብረቱን የሚጠብቀው ገበዙ ነው። የመምህሩ ማዕረግ ግን በዕውቀቱ የቆመ ነው፤ ለመከበር ደብር ማስተዳደር አይጠበቅበትም። ደግሞ ልብ በሉ፣ የሚመሰክሩለት ያንኑ ትምህርት የሚያውቁ ሰዎች ናቸው።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ በሁለት መሰላል ላይ ለሚነሣው ትልቁ ተቃውሞ መልስ አለው። ተቃውሞው «ማዕረግ ይረክሳል» የሚል ነው። በዓመት ብዛት ብቻ ሁሉም «ዋና ኢንጂነር»፣ «አማካሪ ኢንጂነር» ይባላል፣ ደመወዝ ይከብዳል፣ ሥራው ግን ያው ነው። ሥጋቱ እውነት ነው። የሙያ ደረጃ በቆይታ ዘመን ከተሰጠ ሁለተኛ እርከን ነው የሚሆነው። በሥራ ማስረጃ ከተሰጠ ግን ሌላ ነገር ነው። ደጋግሞ የሚመጣ ብልሽትን ምንጩን አግኝቶ ያስቀረ፣ ያገኘውን ጽፎ ለሌላ ቅርንጫፍ ያስተላለፈ፣ ከሥሩ ወጣት ኢንጂነሮችን ያሠለጠነ ሰው ሌሎች ኢንጂነሮች በተቀመጡበት ጉባኤ ፊት ሥራውን ያቅርብ። ዳኞቹ ከሌላ ቅርንጫፍ ይምጡ። ውጤቱ ከነምክንያቱ ይለጠፍ።

ወጪ አለው፣ አዎ። የዛሬው አሠራርም ወጪ አለው፤ ሒሳብ ውስጥ ስላልገባ ነው የማይታየው።

የሚሄደው ሰው ይዞት የሚሄደው

ተስፋ የቆረጠው ኢንጂነር ዛሬ ምን እያደረገ ነው? ብዙዎቹ ቅዳሜና እሁድ ኤም.ቢ.ኤ. ወይም ፕሮጀክት ማኔጅመንት ይማራሉ። ትምህርቱ መጥፎ አይደለም። ግን የኤሌክትሪክ ኢንጂነር በሙያው ሁለተኛ ዲግሪ ከመማር ይልቅ አስተዳደር የሚመርጠው ፍላጎቱ ተለውጦ አይደለም። መዋቅሩ የሚከፍለው ለዚያ መሆኑን አይቶ ነው። ሌላው ወደ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ይገባል። ሌላው አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ይሄዳል። ሌላው ቀን ድርጅቱ፣ ማታ የግል ሥራው ላይ ነው።

የሚቀረው ቅርንጫፍ ሰው አያጣም። ሥራ ፈላጊ ሞልቷል፣ በሳምንት ውስጥ ምትክ ይቀጠራል። የማይተካው ግን አሮጌው መስመር የት ጋ እንደሚደክም፣ ፓምፑ ከመቆሙ በፊት ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያሰማ፣ ባለፈው ክረምት ምን ተሞክሮ እንዳልሠራ የሚያውቀው ጭንቅላት ነው። ይህ ዕውቀት አብዛኛው አልተጻፈም። የጎንደር ነዋሪ ውጤቱን የሚያየው በሌላ መልኩ ነው። በሁለት ሰዓት ይመለስ የነበረው መብራት ሁለት ቀን ሲቆይ፣ ከአዲስ አበባ ባለሙያ እስኪመጣ ሲጠበቅ።

ነገሩ የት ሊነሣ ይችላል? በግል አቤቱታ ብቻ ሩቅ አይሄድም። አዋጁ ራሱ የሠራተኞች ቅጥርና የዕድገት አሰጣጥ ሥርዓትን የሚመለከቱ ክርክሮችን ከወል የሥራ ክርክር ይመድባቸዋል። የአንድ ሰው ብቻ ጉዳይ ሳይሆን የሠራተኛው ሁሉ ጉዳይ ነው ማለት ነው። የኅብረት ስምምነትም፣ ማኅበሩና አሠሪው የሚፈራረሙት ውል፣ ዕድገትን፣ ደመወዝንና ዝውውርን እንዲያካትት ተፈቅዷል። ተጠባባቂነት ከስንት ወር በላይ እንዳይቆይ፣ የሥራው አበል ከመቼ ጀምሮ እንዲከፈል፣ የባለሙያ ደረጃ ከሲኒየር በላይ እንዲቀጥል፣ መደቡም ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ ቅርንጫፎች እንዲኖር እዚያ ሊጻፍ ይችላል። እስካሁን በድርድር ጠረጴዛ ላይ ጎልቶ የሚወጣው የደመወዝ ጭማሪና የሕክምና ሽፋን ነው። ኢንጂነሮች በማኅበር ስብሰባ ላይ ብዙ አይገኙም፤ ገሚሶቹ ነገ ኃላፊ እሆናለሁ ብለው ስለሚጠብቁ ከማኅበሩ ይርቃሉ። በምሳሌያችን ግን ለአርባ ኢንጂነሮች ያለው ወንበር አምስት ነው፤ ሠላሳ አምስቱ በቅርብ ዓመታት ኃላፊ አይሆኑም።